ጠበቃ ሥራውን ይሸጣል እንጂ ፍርድ አይሸጥም



ሰው ሲታመም ጤና ጣቢያ ይሄዳል። በሬ ሲታመም የእንስሳት ሐኪም ይጠራል። ሰው በወንጀል ሲከሰስስ ምን ያደርጋል? በየመንደሩ የማየው መልስ አንድ ነው። ሰው ሲከሰስ በመጀመሪያ በሬውን ይሸጣል። ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው ገንዘቡን በመቀነቱ ከቋጠረ በኋላ ነው። ይህ የተገለበጠ ሥራ ነው። በመጀመሪያ ምን እንደሚገዛ ማወቅ ነበረበት።

የምጽፈው ስለ ወንጀል ክስ ነው። ስለ ብድር፣ ስለ ፍቺ፣ ስለ ውርስ አይደለም። የወንጀል ክስ ማለት ሰው መታህ፣ ሰው ገደልህ፣ ከብት ሰረቅህ፣ ክምር አቃጠልህ የሚባልበት ክስ ነው። በዚህ ክስ አብዛኛውን ጊዜ ከሳሹ ጎረቤታችሁ አይደለም። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። ዐቃቤ ሕግ ማለት በመንግሥት ስም ክስ የሚያቀርብ የሕግ ባለሙያ ነው። ሕግ ተምሯል፤ በየቀኑ ችሎት ይውላል። ከእርሱ ፊት ለፊት የሚቆመው ተከሳሽ ግን ትናንት ከእርሻ የመጣ ሰው ነው። ተከሳሹን ደግፎ የሚከራከረው የሕግ ባለሙያ ጠበቃ ይባላል።

«እኔ አፍ አላጣሁ፤ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው አለ። አልፈርድበትም። አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ተሟግተዋል። ያኔ አንደበቱ የተባ ሰው ይከበር ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙም የየራሳቸው የፍርድ ሸንጎ ነበራቸው። ዳኞቹ ራሳቸው ገበሬዎች ነበሩ። ከሳሽም፣ ተከሳሽም፣ ዳኛም ያችን ድንበር፣ ያችን የከብት መንገድ ያውቋታል። ጠበቃ የሚፈልግ አልነበረም። የዛሬው ፍርድ ቤት ግን ሌላ ነው። ዳኛው እርሻችሁን አያውቀውም። ጎረቤታችሁ ነገረኛ ይሁን ጨዋ አያውቅም። ዳኛው የሚያውቀው በመዝገቡ ላይ የተጻፈውንና በፊቱ የተመሰከረውን ብቻ ነው። እናንተ በልባችሁ የያዛችሁት እውነት ወደ መዝገቡ ካልገባ ለዳኛው እንዳልነበረ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጽፍም።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ አንድ ጎረቤቴ ከድንበርተኛው ጋር በወሰን ተጣላ። ድንበርተኛው ዶማ አነሣ። ጎረቤቴ በዱላ መታው። ሰውየው ራሱን ተፈንክቶ ሆስፒታል ገባ፤ ጎረቤቴም በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ባለቤቱ ሦስት ልጆች ይዛ ቤት ቀረች። በሦስተኛው ቀን ወደ ከተማ ወረደች። ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት አንድ ሰው ተቀመጠና አጫወታት። ልብሱ ንጹሕ ነው፤ በእጁ ወረቀት ይዟል። «ዳኛውም የእኔ ሰው ነው፤ ዐቃቤ ሕጉም የእኔ ሰው ነው። ገንዘቡን ካመጣሽ ባልሽ በሳምንት ቤቱ ይገባል» አላት። እርሷም ተመልሳ ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ሸጠች። ገንዘቡን ሰጠችው። ሳምንት አለፈ፤ ወርም አለፈ። ሰውየውን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ይህ ሰው ጠበቃ አልነበረም። ደላላ ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሴትዮዋ ሞኝ ሆና አይደለም የተታለለችው። ጠበቃ ማለት ፍርድ የሚያስገኝ ሰው ነው ብላ ስለምታምን ነው። ብዙዎቻችን እንደዚያ እናምናለን። ጠበቃ ግን የሚሸጠው ሥራውን ነው። ሕግ ይመረምራል፤ መዝገብ ያነባል፤ ምስክር ይጠይቃል፤ ጽፎ ያቀርባል፤ ቆሞ ይከራከራል። ፍርዱ የዳኛው ነው። ስለዚህ ገና ፋይሉን ሳያይ «በእርግጠኝነት አስፈታዋለሁ» የሚላችሁ ሰው ቢገጥማችሁ፣ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ቢሆን እንኳ ተጠንቀቁት። ደህና ጠበቃ «ይህ ይጠቅምሃል፤ ይህ ይጎዳሃል፤ ይህን እሞክራለሁ» ነው የሚለው። ደስ አያሰኝም። ግን እውነቱን ነው። «ለዳኛው የሚሰጥ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁም ቢኖር፣ ጉቦ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ሰጪም እንደሚቀጣ እወቁ። ባል በአንድ ክስ ታስሮ ሚስት በሌላ ክስ ትገባለች።

ጠበቃ መሆኑን የምታውቁት በልብሱ አይደለም። የጥብቅና ፈቃዱን ያሳያችሁ። አሁን ፊደል ቆጥራችኋል፤ ስሙን፣ ፈቃዱ የሚያገለግልበትን ጊዜ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት እንዲከራከር እንደተፈቀደለት አንብቡ። በፌዴራል ፍርድ ቤት መከራከሪያ ፈቃድ አለ፤ ክልሎችም ለራሳቸው ፍርድ ቤት የሚሰጡት ፈቃድ አለ። ፈቃድ አሳየኝ ሲባል የሚቆጣ ጠበቃ አላየሁም። የሚቆጣ ቢኖር ተዉት። በፍርድ ቤት በር ማመልከቻ የሚጽፉልንም ሰዎች ብዙዎቹ ቅን ናቸው፤ ግን ማመልከቻ መጻፍ ሌላ፣ ጥብቅና መቆም ሌላ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ቀናት እንመለስ። ሰው የሚጎዳው በእነዚያ ቀናት ነውና።

ጎረቤቴ በተያዘበት ማታ ቃሉን ሰጠ። መርማሪው ጠየቀው፤ እርሱም ተናገረ። እንደ ነገረኝ ከሆነ «ዶማ አንሥቶ መጣብኝ፤ ቢወርድብኝ ኖሮ ሞቼ ነበር፤ ስለዚህ በዱላ መታሁት» ነው ያለው። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን «በወሰን ተጣልተን በዱላ መታሁት» የሚል ነበር። ዶማው የለም። መርማሪው ሆነ ብሎ ይተወው፣ ወይም ለማሳጠር ይተወው፣ ወይም ጎረቤቴ በድንጋጤ ሳይናገረው ቀርቶ ይሁን እኔ አልፈርድም። ወረቀቱ በችኮላ ተነበበለት። ጎረቤቴም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመበት። ያቺ አሻራ በኋላ ጠበቃውን ስምንት ወር አደከመችው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ስለ ተያዘ ሰው በአንቀጽ 19 ይናገራል። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ዝም የማለት መብት አለው። የሚናገረው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። አስገድዶ ማሳመን ክልክል ነው። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። በአንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው ሚስቱ ወይም ባሏ፣ ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት ይችላሉ። ይህን በቃላችሁ ያዙት።

ዝም የማለት መብት ሲባል ብዙ ሰው ይከፋዋል። «ንጹሕ ሰው ለምን ዝም ይላል?» ይባላል። እኔም ድሮ እንደዚያ እል ነበር። አሁን ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ። የደነገጠ ሰው፣ ደሙ የፈላ ሰው፣ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ነገሩን አስተካክሎ አይናገርም። «ከጠበቃ ጋር ተነጋግሬ ቃሌን እሰጣለሁ» ማለት ጥፋት መደበቅ አይደለም። ቃል ከሰጣችሁ ደግሞ ሳታነቡ አትፈርሙ። «ስጡኝ፣ ራሴ ላንብበው» በሉ። የፖሊስ የእጅ ጽሑፍ ለእኛ ለአዲስ አንባቢዎች ይከብዳል፤ ፊደሉ ይጠላለፋል። አያሳፍርም። በጣታችሁ እየተከተላችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ። የጎደለ ካለ «ይህ ይጨመርልኝ» በሉ። ፊርማ ማለት «ከላይ የተጻፈው ሁሉ የእኔ ቃል ነው» ማለት ነው። አሻራም እንደዚያው።

ከዚህ በኋላ ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ ጊዜ ይጠይቃል። ይህ ጊዜ ቀጠሮ ይባላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ግን ሌላ ቀጠሮ ሊከተል ይችላል። ጠበቃ ካለ በዚህ ጊዜ ይነሣና «ይህን ያህል ቀን ለምን አስፈለገ? ባለፈው ቀጠሮ ምን ሠራችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ዋስትናም ይጠይቃል። ዋስትና ሁልጊዜ አይፈቀድም። ያው የ1954 ሕግ፣ ክሱ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነና የተጎዳው ሰው ከሞተ ወይም የሚሞት መስሎ ከታየ ዋስትና ይከለክላል። የጎረቤቴ ዋስትና በመጀመሪያ የታገደው በዚህ ምክንያት ነው። ድንበርተኛው ገና ሆስፒታል ነበር። ስለዚህ የጎረቤቴ ሚስት፣ ባሏን የሚጠላውን ሰው እግዚአብሔር እንዲያድነው ሻማ ታበራ ነበር።

አሁን የጠበቃውን ቢሮ እንግባ። ምን ይጠይቃችኋል?

በመጀመሪያ ነገሩን ሁሉ ይጠይቃችኋል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ፣ ማን ምን እንደያዘ፣ ከዚያ በፊት በመካከላችሁ ምን እንደነበረ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ሰው ለጠበቃው የሚያምረውን ብቻ ይነግረዋል። ጠጥቶ እንደነበር አይነግረውም። ባለፈው ዓመት «እገድልሃለሁ» ብሎ መዛቱን አይነግረውም። ታዲያ ጠበቃው ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ከዐቃቤ ሕግ ምስክር አፍ ነው፤ በችሎት መካከል፣ መልስ ሳያዘጋጅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር እንዲጠብቅ ሙያው ያስገድደዋል። ለፖሊስም፣ ለዐቃቤ ሕግም፣ ለጎረቤትም አይናገርም። ጥፋተኛም ብትሆኑ ንገሩት። ጥፋተኛ ሰውም ጠበቃ ያስፈልገዋል፤ ከጥፋቱ በላይ እንዳይቀጣ።

ጠበቃው አንዳንዴ ይጨክንባችኋል። «ለምን አልሸሸህም? ለምን ራሱን መታኸው? እጁን መምታት አትችልም ነበር?» ይላችኋል። ጎረቤቴ በዚህ ተቀይሞ ነበር። «የእኔ ነው ወይስ የእነሱ?» አለኝ። የእርሱ ነው። በችሎት የሚመጣበትን ጥያቄ አስቀድሞ እየጠየቀው ነበር።

አንድ ነገር ግን አይሠራላችሁም፤ ከሠራም ክፉ ጠበቃ ነው። ያላየ ሰው «አይቻለሁ» ብሎ እንዲመሰክር አያሰለጥንም። በገጠር ይህ ነገር አለ፤ እንወቀው። ዘመድ ለዘመድ፣ ጎጥ ለጎጥ ይመሰክራል። ሐሰተኛ ምስክርነት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሲያዝም እውነተኛውን ምስክር አብሮ ያበላሸዋል። የጎረቤቴ ወንድሞች አምስት ሰው አዘጋጅተው ነበር። ጠበቃው አምስቱንም መለሳቸው። «ያየ ሰው አምጡልኝ» አላቸው። ያየው ማን ነበር? ከብት ጠባቂ ልጅ። ከጉብታው ላይ ሆኖ ዶማው ሲነሣ አይቷል። ማንም አልጠየቀውም ነበር፤ ልጅ ነዋ! ያስታወሰችው የጎረቤቴ ሚስት ናት። በዚያን ቀን የእርሷን ጥጃም አብሮ ይጠብቅ ነበር።

ስለ ክፍያ ልጻፍ። ብዙ ሰው የሚያፍርበት ይህ ነው። ከጠበቃ ጋር ስለ ገንዘብ መነጋገር ነውር አይደለም። ዋጋው እንደ ክሱ ክብደት፣ እንደ ፍርድ ቤቱ ርቀት፣ እንደ ጠበቃው ይለያያል። ስለዚህ አንድ ጠበቃ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ፤ ሁለት ሦስት ጠይቁ። በቃል አትዋዋሉ። ውሉ ይጻፍ፤ አንድ ቅጂ ለእናንተ ይሰጥ። በውሉ ላይ ሥራው ከየት እስከ የት እንደሆነ ይመልከት። የፖሊስ ምርመራውን ይጨምራል? እስከ መጨረሻው ፍርድ ነው? ይግባኝ ቢኖርስ? የመንገድና የአልጋ ማን ይከፍላል? ሰው የሚጣላው በእነዚህ ነው። ጠበቃው የሠራው እስከ ፍርድ ነው፤ ባለጉዳዩ ይግባኙም የተከፈለ ይመስለዋል። ገንዘቡን ከቻላችሁ በየደረጃው ክፈሉ፤ ለእያንዳንዱም ደረሰኝ ተቀበሉ። የመሬት ይዞታ ደብተራችሁን መያዣ ብላችሁ ለማንም አትስጡ።

«በሬ የለኝም፤ የምሸጠውም የለኝም» ለሚል ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መልስ አለው። የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ መከራከር ይችላል። ጠበቃ የሚያቆምበት ገንዘብ ከሌለውና ያለ ጠበቃ በመቅረቱ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ ያቆምለታል። የፍርድ ቤቱን ቋንቋ ለማያውቅም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይሰጠዋል። መንግሥት የሚሰጠው ጠበቃ ተከላካይ ጠበቃ ይባላል። ይህን ለማግኘት ዳኛው ፊት ስትቀርቡ «ጠበቃ የማቆም አቅም የለኝም፤ ተከላካይ ጠበቃ ይታዘዝልኝ» በሉ። ዝም ካላችሁ ያላችሁ ሊመስል ይችላል። በሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሏቸው፤ ለምሳሌ ባሕር ዳርና ጎንደር።

የጎረቤቴ ሚስት በሬዋን በደላላ ከተበላች በኋላ የደረሰላት ይኸው ተከላካይ ጠበቃ ነው። ሰው ግን አስፈራራት። «መንግሥት ከሶት፣ መንግሥት በሰጠው ጠበቃ ይድናል?» አሏት። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔም ተጨንቄበት ነበር። መልሱ ይህ ነው፦ ደመወዙን የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ ዳኛውንም የሚከፍለው መንግሥት ነው። ሥራው ግን ለተከሳሹ መቆም ነው፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታውም እንደ ማንኛውም ጠበቃ ነው። የተከላካይ ጠበቃ ችግሩ ሌላ ነው። ብዙ መዝገብ ይይዛል፤ ጊዜ የለውም። አንዳንዴ ከተከሳሹ ጋር የሚተዋወቀው በችሎት ጠዋት ነው። ስለዚህ እናንተ ፈልጉት። ነገሩን አሳጥራችሁ፣ የምስክሮችን ስምና ቀበሌ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። እርሷ ይህን አድርጋለች። ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ፊደል፣ በልጇ ደብተር ጀርባ ላይ፣ ስድስት መስመር ጽፋ ሰጠችው። ያቺን ወረቀት መዝገቡ ውስጥ አስሮ አየኋት።

ክሱ ሲጀመር ዳኛው ክሱን አንብቦ «ድርጊቱን ፈጽመሃል? ጥፋተኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ስንት ገበሬ ወድቋል! የእኛ ሰው እውነተኛ ነው፤ «አዎን መትቼዋለሁ» ይልና ዝም ይላል። የቀረውን በኋላ የሚናገር ይመስለዋል። ግን «መትቼዋለሁ፤ ግን በዶማ ሊመታኝ ስለነበር ነው» ማለት ሌላ ነው። ይህቺ «ግን» ከተነገረች የ1954ቱ ሕግ እንዳመነ አይቆጥረውም፤ እንደ ካደ ተቆጥሮ ማስረጃ ይሰማል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ሕገ ወጥ ጥቃት ሲመጣ፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ፣ በተመጣጠነ ኃይል ራስን መከላከል አያስቀጣም ይላል። ከመጠን ያለፈ ከሆነ ግን ያስቀጣል፤ ቅጣቱ ይቀልላል። ሰው ይህን ሳያውቅ በአንድ ቃል ራሱን ያስራል። ከመልሳችሁ በፊት ከጠበቃችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ከዚያ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ይሰማሉ። ምስክሩ ከተናገረ በኋላ ጠበቃችሁ ይጠይቀዋል። ይህ መስቀለኛ ጥያቄ ይባላል። ጮክ ብሎ መሳደብ አይደለም። ጎረቤቴ የጠበቀው እንደዚያ ነበር፤ ጠበቃው ግን ለዋናው ምስክር አራት ጥያቄ ብቻ አቀረበለት። የት ቆመህ ነበር? በመካከል ምን ነበር? ዝናብ ነበር? ዶማው ማን እጅ ላይ ነበር? ምስክሩ በአራተኛው ላይ ተንተባተበ። ጎረቤቴ «ይሄው ነው? ለዚህ ነው የተማረው?» አለኝ። ለዚህ ነው የተማረው። ነገሩ በጩኸት ቢሆን ኖሮ ጎረቤቴ ራሱ ይበቃ ነበር።

ምስክሮቹ ከተሰሙ በኋላ ዳኛው ወይ ነጻ ያሰናብታል፣ ወይ «ተከላከል» ይላል። ተከላከል ማለት ተፈረደብህ ማለት አይደለም። የእናንተ ምስክሮች የሚሰሙበት ተራ ደረሰ ማለት ነው። የጎረቤቴ እናት ይህን ቃል ሰምታ በችሎቱ በር ላይ ወድቃ አልቅሳለች። አስቀድሞ የነገራት አልነበረም።

ቀጠሮ ይበዛል። ምስክር ይቀራል፤ ዳኛ ይለወጣል፤ መንገድ በዝናብ ይዘጋል። ቀጠሮ በተለወጠ ቁጥር ጠበቃው ተኝቷል ማለት አይደለም። ግን በየቀጠሮው ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ዛሬ ምን ተሠራ? ቀጥሎ ምን ይሠራል? ቀኑ መቼ ነው? ቀኑን ጻፉት። ሁሉም ጠበቃ ጥሩ ነው አልልም። ክፍያ ተቀብሎ ከችሎት የሚቀር አለ። ስልክ የማያነሣ አለ። እንደዚህ ያለው ሲገጥማችሁ ውሉንና ደረሰኙን ይዛችሁ ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤት አቤት በሉ፤ ጠበቃም መለወጥ ትችላላችሁ። ያለ ውልና ያለ ደረሰኝ አቤቱታ ግን ነፋስ ነው።

ስለ ሽምግልናም አንድ ቃል። እኛ አገር ደም ሲፈስ ሽማግሌ ይገባል፤ ካሣ ይከፈላል፤ እርቅ ይወርዳል። ጥሩ ነው፤ ደም አያቃባም። ግን በከባድ ወንጀል እርቅ ክሱን አያስቀርም፤ ከሳሹ መንግሥት ነዋ። በቀላል ነገር፣ ክሱ በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ በሚቀርብበት ጊዜ፣ ሊያስቀር ይችላል። በከባዱም ቢሆን ተጸጽቶ መካስ ቅጣት ያቀልላል። ስለዚህ እርቁን ለጠበቃችሁ ንገሩ። የእርቁን ወረቀትም ከመፈረማችሁ በፊት አሳዩት። «አውቄ በድዬዋለሁ፤ ልገድለው ነበር» የሚል ወረቀት ሽማግሌዎቹ ለእርቅ ማሳመሪያ ይጽፉታል፤ ዐቃቤ ሕግ ግን ለሌላ ነገር ሊያነበው ይችላል።

የተፈረደበት ሰው ይግባኝ አለው። ይግባኝ ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ በሩ ይዘጋል። የ1954ቱ ሕግ ይግባኝ ማለትን ለማስታወቅ ከፍርዱ ቀን 15 ቀን፣ ማመልከቻውን ለማቅረብ ደግሞ የፍርዱን ግልባጭ ከተቀበሉ በኋላ 30 ቀን ሰጥቷል። ስለዚህ ፍርዱ በተነበበ ዕለት፣ እንባ ሳይደርቅ፣ ጠበቃውን «ይግባኝ ያዋጣል? ቀኑስ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አያዋጣም ካለም ምክንያቱን ይንገራችሁ።

የጎረቤቴ ነገር እንዲህ አለቀ። ድንበርተኛው ዳነ። ክሱ የግድያ ሙከራ ተብሎ ነበር የጀመረው። ከብት ጠባቂው ልጅ ያየውን ተናገረ፤ ዐቃቤ ሕግ ጠየቀው፤ አልተናወጠም። ፍርድ ቤቱ ጎረቤቴ ለመግደል አስቦ ሳይሆን ራሱን ሲከላከል ከመጠን አልፏል ብሎ በአካል ጉዳት ብቻ ጥፋተኛ አለው። አንድ ዓመት ከስድስት ወር ፈረደበት፤ የታሰረው ጊዜ ታሰበለት። ነጻ አልወጣም። ጠበቃው ከመጀመሪያው ቀን «ነጻ ትወጣለህ» አላለውም ነበር። ያቺ የአሻራ ወረቀት ባትኖር ኖሮ ምናልባት ከዚህም ይቀልል ነበር ብሎኛል።

ከእስር ሲወጣ ሚስቱ የቀጠሮ ቀኖቹን የጻፈችበትን ደብተር አሳየችው። አሥራ አንድ ቀጠሮ ነው። ሁሉንም በእግሯ ሄዳለች። ያን የተሸጠውን በሬ ግን እስከ ዛሬ አልተኩትም። ከአንድ ዘመድ ጋር በመቀናጆ ነው የሚያርሱት፤ ዘንድሮም ተራቸው የደረሰው ዘር ከተዘራ በኋላ ነው።